ወንድሜ የሰረዘው ማረጋገጫ

ወንድሜ በሦስት ማዕዘን ምክንያት ሞተ ብል ሰው ይስቅብኛል። ስለዚህ ለሰው አልልም። ለሰው የምለው ሌሎቹ የሚሉትን ነው፤ ቆላ ወረደ፣ ንዳድ ያዘው፣ እግዚአብሔር ወሰደው። ሁሉም እውነት ነው። ግን ቆላ ምን አወረደው? ይህን የሚጠይቅ አላገኘሁም። እኔ እጽፈዋለሁ። ቀጥ ብሎ አይሄድልኝም፤ ጥቂት እጽፍና እተወዋለሁ፤ ከዚያ ደግሞ እመለስበታለሁ።

የቄስ ልጆች ነን። አገራችን ከጎንደር ወደ ሰሜን፣ ውርጭ የማይለቀው ደጋ ነው። አባታችን አንዳችንን ለቤተ ክርስቲያን፣ አንዳችንን ለመንግሥት ብሎ ከፈለን። ታላቄ ቅኔ ቤት ገባ። እኔ ጎንደር ወርጄ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባሁ። እሱ እዚያ ስሙ ተጠራ፤ የኔታ፣ የቅኔ መምህሩ ማለቴ ነው፣ ወንበራቸውን ለሱ ሊያወርሱ እንዳሰቡ አገር ያውቅ ነበር። ከዚያ አንድ ክረምት፣ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ወደ ተከራየኋት ክፍል ደበሎውን ለብሶ መጣ።

«ምነው አያ፣ ደህና ነህ?» አልሁት።

«ደህና ነኝ። የናንተን ትምህርት ልማር ነው።»

«የኔታስ?»

«አዝነዋል» አለ።

እንዴት እንደተማረ ለማያውቅ ሰው ብነግረው አያምነኝም። ክፍል እየዘለለ ደረሰብኝ። በመጨረሻው ዓመት አንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ እኔ ገና ጢም ያላወጣሁ፣ እሱ ባለ ሙሉ ጢም። ተማሪው ሁሉ ደብተራው ይለው ነበር። ወደ ጥቁር ሰሌዳ ሲጠራ ከኋላ አንዱ ይጮሃል፦

«ጠመኔውን ደብቁ! ይደግምበታል!»

እሱ ሳይዞር ይመልሳል፦ «ላንተ ጠመኔ አላባክንም፤ ምራቅ ይበቃሃል።»

ክፍሉ ይስቃል። እሱም ይስቃል። ያኔ ይወዱት ነበር፤ ይህን ልክድ አልችልም።

ዕድሜው ግን አልፎ ነበር። ዳይሬክተሩ በግልጽ ነግረውታል፤ የመልቀቂያ ፈተናውን ካላለፈ ክፍል ደግሞ አይቀመጥም። ካለፈ አዲስ አበባ፣ ዩኒቨርሲቲ። ሁለታችን አብረን ልንሄድ። አባታችን ይህን ለደብሩ ሁሉ ተናግሮ ጨርሶ ነበር፤ የኔታ ካዘኑበት በኋላ ልጁ ያለ ነገር እንዳልሄደ ለማሳየት ሌላ መንገድ አልነበረውም። ነገሩ እንግዲህ በዚያ ፈተና ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ጂኦሜትሪ የሚያስተምረን አንድ ህንዳዊ መምህር ነበር። ቀጭን፣ የጎንደር ብርድ የማይስማማው፣ በፀሐይም ካፖርት የማያወልቅ ሰው። አንድ ቀን ከጫማ ካርቶን የተቆረጠ ሦስት ማዕዘን ይዞ ገባ። ከየጫፉ እየተነሳ ተቃራኒውን ጎን እኩል የሚያጋምስ መሥመር አሰመረበት። ሚዲያን ይባላል አለን። ሦስቱ ሚዲያኖች አንድ ነጥብ ላይ ተገናኙ። ነጥቧን በእርሳሱ ጫፍ ላይ ሲያስቀምጣት ካርቶኑ ወዲያና ወዲህ ሳይል ቆመ። አጨበጨብን።

ወንድሜ እጁን አወጣ። «ሰር፣ ይኸኛው ሦስት ማዕዘን እሺ ብሏል። ያልቆረጡትስ?»

መምህሩ ደስ አለው። «ማረጋገጫ የምንጽፈው ለዚህ ነው» አለና የመጽሐፉን ማረጋገጫ ሰሌዳው ሙሉ ጻፈው። ገለበጥን። ወንድሜም ገለበጠ። ግን ፊቱን አውቃለሁ፤ አልጣመውም።

በዚያው ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቀሐ ወንዝ ዳር፣ ውሃው የሸሸበት አሸዋ ላይ ተቀመጠና በእንጨት መጫር ጀመረ።

«ሦስት ማዕዘን የሆነ ርስት አለ እንበል» አለኝ። «ለሁለት ወንድማማቾች ይከፈል ሲባል ሽማግሌ ምን ያደርጋል? ከጫፉ ተነስቶ የታችኛውን ጎን መሐል ላይ ይመታል። ግራና ቀኙ ቅርጹ አይመሳሰልም፤ ስፋቱ ግን እኩል ነው። እውነት?»

«እውነት።»

«ሚዲያን ማለት ይኸ ነው። ድንበር ነው። እንግዲህ ሁለት ድንበር ላስምርልህ። በሚገናኙበት ላይ ቆሜ ወደ ሦስቱም ጫፎች ባይ፣ መሬቱ ሦስት ቦታ ይከፈላል። በመጀመሪያው ድንበር ይኸና ይኸ እኩል ናቸው። በሁለተኛው ይኸና ያ እኩል ናቸው። ስለዚህ ሦስቱም እኩል። ሦስቱም እኩል ከሆኑ፣ ከቀረው ጫፍ ተነስቼ በዚህች ነጥብ በኩል ብሄድ የታችኛውን ጎን የማጋምሰው ሳልወድ በግዴ ነው። ሦስተኛው ሚዲያን በዚያው አለፈ። አለቀ።»

በማግስቱ ሰሌዳው ላይ ጻፈው፣ በዚያ እየተሰበረ በሚሄድ እንግሊዝኛው። መምህሩ ጠመኔውን እንደያዘ ቆሞ አነበበ። ከዚያ «ከመጽሐፉ ይሻላል» አለና እጁን ጨበጠው። መምህር የተማሪ እጅ ሲጨብጥ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እኔ ኮራሁ። ያን ቀን እንኳን ደስ አለህ ብዬ ዳቦ ገዝቼ አብልቼዋለሁ። አሁን ሳስበው ያ መጨበጥ ባይኖር ይሻል ነበር እላለሁ። ወንድሜ ከዚያ በኋላ የመጽሐፍ ማረጋገጫ በእጁ አልጻፈም።

ይህን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ። ቅኔ ቤት የሚያድር ተማሪ በየቀኑ የራሱን አዲስ ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል። የሰውን ቅኔ ያጠናል፣ ያደንቃል፤ ተነስቶ የኔ ብሎ ግን አይልም። የኔ ብሎ ያለ ሰው ሌባ ይባላል። ይህ ስም ደግሞ ከሰውዬው ጋር አገር ለአገር ይዞራል፤ ሌላ ደብር ቢሄድም ቀድሞት ይደርሳል። የራሱንም ቅኔ ቢሆን አንዴ ካለው በኋላ ለሌላ በዓል አይደግመውም። ወንድሜ በዚህ አደገ። ለሱ ማረጋገጫ መጻፍ መቀኘት ሆነ። የመጽሐፉን መጻፍ ስርቆት ሆነ። እንዲህ ያለ ስህተት ከቅኔ ቤት ያልወጣ ሰው አይሳሳትም።

ፈተናው ሲቃረብ መጨቃጨቅ ጀመርን።

«አያ፣ ፈተና ላይ ግን የመጽሐፉን ነው የምትጽፈው።»

«ምነው?»

«ታውቀዋለሃ። አጭር ነው።»

«ፈታኙም ያውቀዋል። እኔም እሱም የምናውቀውን ልነግረው ነው ከደጋ የወረድሁት?»

«አዲስ አምጣ ብሎ አልጠየቀህም እኮ!»

«የኔታም አምጣ ብለውኝ አያውቁም። አሮጌ ይዞ ፊታቸው መቆም ግን አይታሰብም።»

መምህሩም አንድ ቀን ከክፍል በኋላ አስቀረው፤ እኔም ቆሜ ሰማሁ። «ፈታኙ አያውቅህም» አለው። «ፊትህን አያይም። የብዙ ልጅ ወረቀት ከፊቱ ተከምሯል። መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ይፈልጋል፤ ካገኘ ምልክት አድርጎ ያልፋል። ለኔ አዲስ ጻፍልኝ። ለሱ አትጻፍ።»

ወንድሜ አንገቱን ዝቅ አድርጎ «እሺ ሰር» አለ። የኛ አገር እሺ ምን ማለት እንደሆነ መምህሩ አያውቅም።

ፈተናው ቀን አዳራሹ ውስጥ ከፊቴ ተቀምጦ ነበር። የማየው ጀርባውን ነው። ወረቀቱን ገለጥሁ። ትልቁ ጥያቄ ስለ አልቲቲዩድ ነበር። አልቲቲዩድ ከጫፍ ተነስቶ ተቃራኒው ጎን ላይ ቀጥ ብሎ የሚያርፍ መሥመር ነው፤ ወንድሜ ቁመት ይለዋል። የሦስት ማዕዘን ሦስቱ ቁመቶች በአንድ ነጥብ እንደሚገናኙ አረጋግጥ ይላል ጥያቄው። ደስታዬን ልናገረው አልችልም። የመጽሐፉ ማረጋገጫ እጄ ላይ ነበር። በየጫፉ በኩል ለተቃራኒው ጎን ትይዩ መሥመር ታሰምራለህ፤ ትንሹን ሦስት ማዕዘን የከበበ ትልቅ ሦስት ማዕዘን ይወጣል፤ የትንሹ ቁመቶች የትልቁን ጎኖች እያጋመሱ ቀጥ ብለው የሚቆሙ መሥመሮች ይሆናሉ፤ እነዚያ እንደሚገናኙ ደግሞ ቀድሞ የታወቀ ነው። ጻፍሁት። ምንም አላሰብሁም። እጄ ጻፈው። ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሄድሁ።

ቀና ስል ወንድሜ ኮምፓሱን አውጥቶ ክብ ይስላል። የመጽሐፉ ማረጋገጫ ክብ የለውም። ሌላ ጥያቄ ሠርቼ ደግሞ ቀና ስል አሁንም ክብ ነው። ኋላ ላይ ማስመሪያውን ወረቀቱ ላይ ጋድሞ፣ ቀስ ብሎ፣ ከጥግ እስከ ጥግ አንድ መሥመር ሲያሰምር አየሁት። ምን እየሠራ እንደሆነ አልገባኝም። ደወሉ ተደወለ።

ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ጎን ለጎን ሄድን። መጠየቁን ፈራሁ። ከዚያ አልቻልሁም።

«ጻፍህ?»

«ጻፍሁ።»

«የመጽሐፉን?»

«የራሴን። ሸጋ ነበር።»

«ነበር?»

«ሰረዝሁት።»

ቆምሁ። እሱ ግን ስለ ሰው ነገር የሚያወራ ይመስል በጥሞና ያስረዳኝ ጀመር። ሁለት ቁመቶችን አገናኝቶ፣ ከሦስተኛው ጫፍ በመገናኛቸው በኩል መሥመር ሰድዶ፣ ያም መሥመር ታች ሲያርፍ ቀጥ ብሎ መሆኑን በክቦቹ አሳየ። ጽፎ ጨረሰ። ከዚያ፣ አንዱ ማዕዘኑ ሰፊ የሆነ ሦስት ማዕዘን ትዝ አለው። እዚያ ላይ ቁመቶቹ ከሦስት ማዕዘኑ ውጭ ይወድቃሉ፤ የሚገናኙትም ውጭ ነው። የጻፈው ቃል በቃል ለዚያ አይሆንም። ሊያቃናው ሞከረ፤ አልተቃናለትም። ሰዓቱ ሄደ።

«ታዲያ የጻፍኸውን ትተህለት አትወጣም? ለሱ ነጥብ ይሰጥህ ነበር!»

«ለአንዳንዱ ሦስት ማዕዘን ብቻ እውነት የሆነ ነገር ልስጠው?»

«ግማሽ ነጥብ እኮ ነው የምልህ!»

«ግማሽ ቅኔ አለ?»

«ቅኔ አይደለም!» ጮህሁ። «ፈተና ነው! ፈተና!»

አህያ የሚነዳ ሰውዬ ዞሮ አየን። ወንድሜ ትከሻዬን ያዘና «ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል» አለኝ። ሌሎቹን ጥያቄዎች ጠየቅሁት። አልደረሰባቸውም።

ውጤቱ ክረምት መጣ። እኔ አለፍሁ። እሱ ወደቀ። ይህን በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር መጻፍ ምን ያህል ቀላል ነው። እየሳቀ አቀፈኝ። «ካንድ ቤት አንድ ይበቃል» አለ። አባታችን ጎንደር ድረስ ወርዶ የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን እንድናነብለት ጠየቀን። እንግሊዝኛ አያነብም። ወንድሜ ራሱ አነበበለት፤ የኔን ስም አሳየው፣ የሱን ደግሞ የለም ብሎ ነገረው። አባታችን ጋቢውን አስተካከለና «አንድ ወንበር ላይ አልነበረም የምትቀመጡት?» አለ።

ከትምህርት ቤት ውጭ ሆኖ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና መፈተን ይቻል ነበር። እስከዚያ ከአዲ አርቃይ ወርዶ ባለ ቆላ፣ አዲስ በተከፈተ ትምህርት ቤት መምህር ፈለጉ። ደጋ ያደገ ሰው መስከረም ላይ ቆላ አይወርድም። ሁሉም ያውቃል። እሱም ያውቃል። ግን ደጋ ተመልሶ ምን ብሎ ይገባል? የኔታ ፊት ምን ይዞ ይቆማል?

ማኪናው ላይ ቦርሳውን አቀበልሁት። ሞተሩ ተነስቶ ነበር፤ ጮኼ ነው የጠየቅሁት።

«አያ፣ በሚቀጥለው የመጽሐፉን ትጽፋለህ?»

«ሌላ አገኛለሁ!»

«የመጽሐፉን ጻፍ!»

«ጊዜ አለኝ እኮ፣ ዓመት ሙሉ! ሳልጨርሰው አልመለስም!»

ጎኑ የተቀመጠው ነጋዴ «ምንድን ነው የሚጨርሰው?» ብሎ ጠየቀኝ በመስኮት። ምን ልበለው? ማኪናው ሄደ።

መርዶው የመጣው እኔ ለአዲስ አበባ ዕቃዬን ስሸክፍ ነው። ንዳድ በያዘው በሳምንቱ ሞቷል። እዚያው ቀብረውታል። መቃብሩን አላየሁም። ከአባቴ ጋር ደጋ ወጥቼ ለቅሶ ተቀመጥሁ፤ አርባው ሳይወጣ ዩኒቨርሲቲው ተከፈተ፤ አልሄድሁም። ይህንንም ማንም አልጠየቀኝም። ለቀስተኛው እየመጣ «የፈጣሪ ፈቃድ ነው» ይላል። አንዱ «ትምህርት በዛበት፣ ራሱን አዞረው» አለ፣ እኔ እየሰማሁ፣ የኛን ንፍሮ እየበላ። አባቴ ብቻ አንድ ቀን፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ፣ እንዲህ አለኝ፦

«ምነው አልነገርኸውም ነበር? የመጽሐፉን ጻፍ ብለህ።»

«ነግሬዋለሁ አባ።»

«አጥብቀህ?»

ወጥቼ ሄድሁ። አጥብቄ። ከዚያ በላይ እንዴት አድርጌ ላጥብቅ?

አርባው ዕለት ለተዝካሩ የኔታ በበቅሎ መጡ። አርጅተዋል፤ ሁለት ሰው ደግፎ አወረዳቸው። ዳሱ ውስጥ በካህናቱ መሐል ተቀመጡ። ወሬው ደርሷቸዋል፤ ልጃቸው ለምን እንደወደቀ ሰምተዋል። እንዲህ አሉ፦

«የሰው አልደገመም። በባዕድ ትምህርት ቤትም ቢሆን የሰው አልደገመም። አላሳፈረኝም።»

«እውነት ነው የኔታ» አሉ ካህናቱ። አንገታቸውን ነቀነቁ። አባቴ እንኳ ነቀነቀ። ፊቱ ላይ፣ ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ኩራት የሚመስል ነገር አየሁ።

ያን ማየት አልቻልሁም።

«የመጽሐፉን ደግሞት ቢሆን ኖሮ ዛሬ አዲስ አበባ ነበር፤ በሕይወት» አልሁ።

«አንተ ልጅ!» አለ አባቴ።

«ተወው» አሉ የኔታ። ወደኔ ዞሩ። «ና አውጣኝ። አሳየኝ እስቲ፣ የገደለውን።»

ከዳሱ ኋላ ወሰድኋቸው። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ መቋሚያቸውን ሰጡኝ፤ በሱ ጫፍ መሬት ላይ ሳልሁ። መጀመሪያ የመጽሐፉን አሳየኋቸው። ቶሎ አለቀ።

«ይኸ የማን ነው?»

«የመጽሐፍ ነው። ሁሉም ይህንኑ ይጽፋል። ይህንን የጻፈ ያልፋል።»

«አንተም ይህንን ጻፍህ?»

«ይህንን ጻፍሁ።»

ቀጥዬ የሱን ሳልሁ፤ ክቦቹን፣ ሁለቱን ቁመቶች፣ ሦስተኛውን መሥመር። መንገድ ላይ እንዳስረዳኝ አድርጌ አስረዳኋቸው። ከጎኑ ሰፊ ማዕዘን ያለውን ሳልሁና ቁመቶቹ ውጭ ሲወድቁ አሳየኋቸው።

«ከዚህ በኋላስ?»

«ከዚህ በኋላ ሰረዘው።»

የኔታ ጎንበስ አሉ። ቅኔ ቤት ተማሪ እመሐል ላይ ሲያቅተው መምህሩ ዝም ብሎ አያየውም፤ የጎደለችውን ቃል ራሱ ይሞላለታል። ለወንድሜ ስንት ቀን ሞልተውለት ይሆናል። ዓይናቸው ከሥዕሉ አልተነሳም፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንድ ጊዜ እጃቸውን ወደ መቋሚያው ሰደዱና መለሱት።

«ምን ነበር የጎደለው?» አሉኝ።

አውቀዋለሁ። ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ነው ያገኘሁት፤ የጎደለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሰፊው ማዕዘን ያለበት ጫፍና ውጭ ያለው መገናኛ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ መገናኛውን ጫፍ፣ ጫፉን መገናኛ ብለህ ብትጠራቸው ሰፊ ማዕዘን የሌለው ሦስት ማዕዘን ይሆንና መጀመሪያ የጻፈው እንዳለ ይሠራል። አዲስ ነገር አያስፈልግም። መሰረዝም አያስፈልግም ነበር።

«አላውቅም የኔታ» አልኋቸው። አላሳፈረኝም ብለዋል፤ እሳቸው ይሙሉለት እንግዲህ።

ሽማግሌው እንደጎነበሱ ቀሩ። ማዕዱን እንዲባርኩ ካህናቱ ከዳሱ ጠሯቸው፤ ቀና አላሉም። ደግመው ጠሯቸው። ኋላ ሌላ ቄስ ባረከ። እኔ ገብቼ በላሁ።